ቡናው ሳያልቅ ተነሥታ ሄደች

«ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 28 ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ለሥራ ኮምቦልቻ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በተከራየሁበት ግቢ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ። እኩያዬ ናት፣ አስተማሪ ናት፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። እዚህ አገር እንደ እሷ የቀረበኝ ሰው የለም። ሲያመኝ አጥሚት ሠርታ ያጠጣችኝ እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ እኔ ቤት ቡና እየጠጣን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣ። ሰዎች ስለ ሴት መብት በእስልምና ይከራከራሉ። እኛም ክርክር ውስጥ ገባን። አራት ሚስት፣ የውርስ ግማሽ፣ ሒጃብ፣ ያልደረደርኩት የለም። በመጨረሻ ‹የእናንተ ሃይማኖት ሴትን እንደ ሰው አይቆጥርም፤ እህትሽን ራሷን አታይም?› አልኳት። እህቷን ለማትፈልገው ሰው ሊድሯት እንደሆነ ከዚያ በፊት ነግራኝ ነበር። ‹አንቺስ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ነጠላ አትከናነቢም?› አለችኝና ልጇን ይዛ ተነሣች። በረካው ሳይጠጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ‹ሰላም ዋልሽ› ብቻ ሆነናል። ለአረፋ እንደ ወትሮው ልጇን ሳህን አስይዛ አልላከችውም። ያለፈው ኢድ ሳህኗ አሁንም እኔ ቤት ነው። ይቅርታ ልጠይቅ? ግን ያልኩት ውሸት ነው? መከባበር ማለትስ አይቶ ዝም ማለት ነው?

ግራ የገባት፣ ከኮምቦልቻ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የሃይማኖት ክርክር መሰለኝ። ስደግመው ግን አንዲት መስመር ያዘችኝ። እህቷ ያለ ፈቃዷ ልትዳር እንደሆነ አስቀድማ ነግራሽ ነበር። ይህችን መሀል ላይ ሸጉጠሽ አልፈሻታል። ለእኔ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

እስቲ አስቢው። ሰው የእህቱን ጭንቀት ለማን ነው የሚያወራው? በእኛ አገር የቤት ገመና ለአክስት እንኳ ተመርጦ ነው የሚነገረው። እሷ ግን ሆዷን ሰጠችሽ። ምናልባት «ምን ይሻላል?» እንድትያት ፈልጋ ይሆናል። አንቺ ያንኑ ወስደሽ የክርክር ማስረጃ አደረግሽው። በቁስሏ እንጨት ሰደድሽባት። ከመቀመጫዋ ያስነሣት አራት ሚስት ማለትሽ አይመስለኝም። ሒጃቡም አይመስለኝም። እነሱን ከልጅነቷ ጀምራ ስትሰማ ኖራለች፣ መልስም አላት። «እህትሽን ራሷን አታይም?» ግን መልስ የለውም። እያየቻት ነዋ።

ስለዚህ ይቅርታ ልጠይቅ ላልሽው፣ አዎ፣ ጠይቂ። እንዴት እንደሆነ ኋላ እነግርሻለሁ። የቀሩት ሁለቱ ጥያቄዎችሽ ግን በአንድ መስመር አይመለሱም።

ያልኩት ውሸት ነው ወይ ብለሻል። ውሸት አይደለም፤ ተቆርጦ ነው የደረሰሽ። እኔ ዓሊም፣ የእስልምና ሊቅ፣ አይደለሁም። ደሴ ያደግሁ ክርስቲያን ነኝ። የአባቴ እናት ሰጋጅ ነበረች፣ የእናቴ እናት ጽዋ ማኅበርተኛ። ሁለቱ ሴት አያቶቼ አንድ ረከቦት ከበው ቡና ጠጥተዋል። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የምነግርሽ ከእነሱ የሰማሁትንና ኋላም ራሴ ያነበብኩትን ነው።

የውርሱ ነገር ቁርኣን ውስጥ አለ። ሱረቱ ኒሳእ የሚባለው ምዕራፍ አንቀጽ 11 ለወንድ ልጅ የሁለት ሴት ልጆች ድርሻ ይሰጣል። አራት ሚስት የሚለውም እዚያው ሱራ አንቀጽ 3 ላይ ነው። ግን በዚያው አንቀጽ፣ በመካከላቸው ፍትሕ እንዳታጎድሉ ከፈራችሁ አንዲት ብቻ ይላል። ወረድ ብሎ አንቀጽ 129 ደግሞ ብትጓጉ እንኳ በሚስቶች መካከል እኩል መሆን አትችሉም ይላል። እነዚህን ሁለቱን አጋጥመው «ነገሩ ከመነሻውም ወደ አንዲት ነው የሚገፋው» የሚሉ ሙስሊሞች አሉ። «የለም፣ ቅድመ ሁኔታ ያለው ፈቃድ ነው» የሚሉት ግን ይበዛሉ። ቱኒዚያ ሕዝቧ ሙስሊም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ከአንድ በላይ ማግባትን በሕግ ከልክላለች። በውርሱም ላይ እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ የሚሉት፣ ባል የሚሰጣት ጥሎሽ (መህር) የሴቷ ነው፣ ቤት ማስተዳደር የወንዱ ግዴታ ነው፣ የእሷ ገንዘብ የብቻዋ ነው፤ ስለዚህ ሚዛኑ አልተዛባም። «ዛሬ እኮ ሴቷም ቤት ታስተዳድራለች፣ ስሌቱ ይታይ» የሚሉ ሙስሊም ሴቶችም አሉ። አየሽ? ክርክሩ በእኛና በእነሱ መካከል አይደለም። እዚያው እነሱ ቤት ውስጥ ሲካሄድ የኖረ ነው። አንቺ በመስኮት ብቅ ብለሽ ክርክር መኖሩን ለባለቤቶቹ ነገርሻቸው።

ያ ቪዲዮ ደግሞ እኔም ጋ ደርሷል፤ እሱ ባይሆን ወንድሙ። ቲክቶክ ላይ ሞልቷል። አንዱ ባለመስቀል፣ አንዱ ባለቆብ፣ ስለ ሴት መብት አፍ ለአፍ ይጮኻሉ። አንድ ነገር ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ሁለቱም ወንዶች ናቸው።

አንዲት ሴት የተከራከረችበትን ታሪክ ልንገርሽ። አያቴ በረካው ሲቀዳ ታወራን ነበር። እኛ አገር ከተሰደዱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች መካከል አስማእ ቢንት ዑመይስ የምትባል ሴት ነበረች። የነቢዩ አጎት ልጅ የጀዕፈር ሚስት ናት። ከአሥር ዓመት በላይ ሐበሻ ምድር ኖራ፣ ልጅ ወልዳ፣ በመርከብ ወደ መዲና ተመለሰች። አንድ ቀን የነቢዩ ሚስት ሐፍሷ ቤት ተቀምጣ ሳለ የሐፍሷ አባት ዑመር ገባ። ማን ናት አለ። አስማእ ናት አሉት። «የሐበሻዋ? የባሕሯ?» አለ። ቀጠለና በስደት ቀድመናችኋል፣ ለነቢዩ እኛ እንቀርባለን አላት። ዑመርን አስቢው። ወንዶቹ ራሳቸው የሚፈሩት ሰው ነው። እሷ ግን ተቆጣች። እናንተ እሱ ዘንድ ነበራችሁ፣ የተራበውን ሲያበላላችሁ፣ ያላወቀውን ሲያስተምርላችሁ፤ እኛ በሩቅ አገር ስንፈራና ስንቸገር ነበርን አለችው። ይህን ለነቢዩ ሳልነግር እህል ውሃ አልቀምስም ብላ ማለች። ሄዳ ነገረቻቸው። የፈረዱት ለእሷ ነው። ለእሱና ለባልንጀሮቹ አንድ ስደት፣ ለእናንተ ለመርከቧ ሰዎች ሁለት ስደት አላችሁ አሏት። ከዚያ በኋላ አብረዋት የተሰደዱት ወንዶች ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን ይመጡ ነበር።

ቁርኣን ውስጥ ሙጃደላህ የሚባል 58ኛ ሱራ አለ። ስሙን ያገኘው በባሏ ጉዳይ ነቢዩን ከተከራከረች ሴት ነው። አቤቱታዋ ተሰማ ብሎ ይጀምራል። ይህን የምነግርሽ እስልምናን ላስውብልሽ አይደለም። ጎረቤትሽን መከራከር ልማዷ እንዳልሆነ፣ ክርክር እንደማታውቅ አድርገሽ እንዳታያት ነው። ሴት ዑመርን የሞገተችበትን ታሪክ ሰምታ ያደገች ልጅ፣ አንቺን በሁለተኛው ስኒ ጥላ የሄደችው ክርክር ስለፈራች አይደለም።

አሁን ወደ ነጠላው። ልታበሽቅሽ ያለችው መስሎሻል። እኔ ግን ደህና ጥያቄ ነው እላለሁ። አንድ ቀን መልስ ስጫት። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 11 ሴት ስትጸልይ ትሸፈን ይላል። ነጠላሽ ከዚያ ነው የመጣው። «እኔን ግን ማንም አያስገድደኝም፣ ስለምወደው ነው» ትይ ይሆናል። እሷም ያንኑ ትል ይሆናል። ደግሞ እውነቱን እናውራ ካልን፣ ራስሽን ሳትሸፍኚ ቅጽር ግቢ ብትገቢ እናትሽ ምን ይሉሻል? አንዳንድ ቀን ፍቅር ነው፣ አንዳንድ ቀን ልማድ ነው፣ አንዳንድ ቀን የሰው ዓይን ነው። በሁለታችሁም ራስ ላይ። ኢራን ያልተሸፈነችውን በሕግ ትቀጣለች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተሸፈነችውን ተማሪ አውልቂ ትላለች። በሁለቱም አገር ልጅቷን «አንቺ ምን ትያለሽ?» ያላት የለም። አንቺም ጎረቤትሽን አልጠየቅሻትም። ደብዳቤሽን እንደገና አየሁት፤ ያልሻት ነገር ብዙ ነው፣ የጠየቅሻት ግን የለም። «እህትሽን ራሷን አታይም?» የሚለው ጥያቄ አይደለም፣ ዱላ ነው።

«የእናንተ» የምትለዋ ቃልም አለች። አዲስ አበባ ሆኖ ቀላል ይመስላል። እዚህ ከባድ ነው። ከደሴ ብዙም የማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በጠሩት ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ክርስቲያን ሁን ተባለ። እምቢ ብሎ የተሰደደ አለ፣ የሸፈተ አለ። ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም አለ። ትልቁ መስፍን ሙሐመድ ዓሊ ያኔ ተጠምቀው ሚካኤል ሆኑ። ደሴን ያደመቋት፣ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እዚህ አገር «የእናንተ ሃይማኖት እንዲህ ነው» ሲባል የሚሰማው ድምፅ የአንቺ ብቻ አይደለም። አንቺ ይህን አላሰብሽም፣ አውቃለሁ። ጆሮ ግን ያስባል።

ደግሞ ሴትን ከባሏ በታች ማድረግ ከቁርኣን ብቻ የመጣ እንዳይመስልሽ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 635 የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው ይል ነበር። ሚስትም ሕግን በማይቃወም ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዛል። ሕጉ የአገሪቱ ነው፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም። ያወጁት ንጉሠ ነገሥት ሙስሊም አልነበሩም። አባቴ ይህን ሕግ አንብቦት አያውቅም፤ ግን ቃል በቃል ይሠራበት ነበር። የተሻረው በፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ በአማራ ክልል ደግሞ በ1995 ዓ.ም.። እናቴ ከዕድሜዋ ስንቱን ዓመት በቁጥር 635 ሥር እንደኖረች አስቢው። በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ትስም ነበር።

ትክክለኛውን የሴቶች መብት ክርክር ያየሁት የት እንደሆነ ልንገርሽ? ሽንኩርት ሲላጥ ነው። የወንድሜ ሠርግ ዋዜማ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኛ ግቢ። ወሎ ውስጥ ሠርግ ሲሆን ሁለት ነው የሚታረደው። የሙስሊሙ በሬ ለብቻ፣ በሙስሊም እጅ፣ ቢላዋው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ወጥ ቤቱም ለብቻ። ማንም ማንንም «ለምን አብረህ አትበላም» አይልም። ሽንኩርቱ ግን አንድ ላይ ነው የሚላጠው። አሥራ ሁለት የምንሆን ሴቶች ክብ ሠርተን፣ ዓይናችን እያነባ። አንዷ ክርስቲያን ጎረቤታችን ባሏ ደመወዟን ተቀብሎ ቆጥሮ እንደሚሰጣት እየሳቀች አወራች። ሳቋ ሳቅ አልነበረም። አንዷ ሙስሊም ቢላዋዋን አስቀመጠች። «የኔ ብር የኔ ነው። ሸሪዓው ነው። እሱ ያብላኝ እንጂ እኔ አላበላውም» አለች። ሁላችን ሳቅን። ሦስተኛዋ፣ እሷም ሙስሊም፣ «እስቲ ይህን ለኔ ባል ንገሪልኝ፣ እሱ የሚያውቀው ሸሪዓ ሌላ ነው» አለች። ከዚያ ፍቺ ተነሣ፣ ቤት ክፍፍል ተነሣ። ማንም «የእናንተ» አላለም። «የኔው» ነበር የሚባለው።

ያን ቀን የተነሣው ነገር ቀላል አይደለም፤ ላንቺም ይጠቅምሻል። በሸሪዓ የባል ሀብት የባል፣ የሚስት ሀብት የሚስት ነው። ሠራተኛ ለሆነች ሴት ጥሩ ነው። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ ግን በትዳር ውስጥ የተፈራው የጋራ ነው፤ ሲፋቱ እኩል ይካፈሉታል። ሃያ ዓመት ቤት ውስጥ ለደከመች፣ በስሟ ምንም ለሌላት ሴት ይህኛው ይሻላታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል፣ ግን ሁለቱም ተከራካሪዎች ፈቅደው እንደሆነ ብቻ ነው። ማለትም ሴቷ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ልትሄድ ትችላለች፣ አልሄድም ልትልም ትችላለች። ብዙዎቹ ይህን ሳያውቁ ነው ፈቃዳቸውን የሚሰጡት። ስለ ሴቶች መብት መቆርቆር ካማረሽ እንዲህ ያለውን ዕወቂ። ከአራት ሚስቱ ክርክር ይልቅ ይህ ለአንዲት ሴት ቤት ያተርፍላታል።

መከባበር ማለት ዝም ማለት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። እዚህ ላይ ከአገሬ ሰው ጋር ትንሽ እጣላለሁ። «ወሎ ተቻችሎ የሚኖር ሕዝብ ነው» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ግን መቻቻል የሚባለው ነገር አንዳንዴ ክዳን ነው። አንዲት ልጅ ስትደበደብ «የሰው ቤት ነው፣ የሰው ሃይማኖት ነው» ብለን እናልፋለን፤ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ይህን መከባበር ብለን ስም እንሰጠዋለን። እኔ ስንፍና ነው የምለው። አንቺ ዝም አለማለትሽን አልነቅፍም። የነቀፍኩት የሚያማትን ትተሽ የምታምነውን መምታትሽን ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። የጎረቤትሽ እህት ስንት ዓመቷ እንደሆነ አልጻፍሽም። መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። 18 ካልሞላት ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ እንኳ አይደለም፤ ሕጉ ጋብቻውን ይከለክላል፣ መዳሩም ያስቀጣል። በዚሁ ክልላችን ክርስቲያን ገጠሮች ልጆች እንዴት እንደሚዳሩ ታውቂያለሽና ይህንንም የእስልምና ብቻ አታድርጊው። 18 ከሞላት ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ጋብቻ በሁለቱ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ይሁን ይላል። በኃይል የተገኘ ፈቃድ በሕግ ፊት ፈቃድ አይደለም።

ግን ሕጉን ይዘሽ በሩን አታንኳኪ። ያ ቤት የሚሰማው ሌላ ቋንቋ አለ፤ እሱንም ጎረቤትሽ ከአንቺ የተሻለ ትችለዋለች። ቡኻሪ በሰበሰበው ሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩ ንግግርና ሥራ በተዘገበበት መጽሐፍ ውስጥ፣ ኸንሳእ ቢንት ኺዛም የምትባል ሴት አለች። ከዚያ በፊት ያገባች ሴት ናት፤ አባቷ ሳትፈልግ ሰጣት። ነቢዩ ዘንድ ሄዳ ነገረቻቸው፣ ጋብቻውን አፈረሱት። በሪራ የምትባልም አለች። ከባርነት ነፃ ስትወጣ ባሏን ተወችው። ባሏ በመዲና መንገድ እያለቀሰ ይከተላት ነበር። ነቢዩ አዘኑለትና ብትመለሺለት አሏት። እያዘዙኝ ነው? አለች። አይ፣ እያማለድኩ ነው አሏት። እንግዲያው አልፈልገውም አለች። በቃ፣ እዚያ ላይ አለቀ። አያቴ ይህን ስታወራ «እምቢታዋን ተቀበሏት» ትልና ስኒዋን ታስቀምጥ ነበር።

ልጅቷ አግብታ የማታውቅ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። እሷም ትጠየቅ፣ ዝምታዋም ፈቃዷ ነው የሚል ሐዲስ አለ። ስንት ቤት ይህችን ዝምታ ይዞ ልጁን ድሯል! ልጅ ደግሞ ከፍርሃትም ዝም ትላለች። እኛ ክርስቲያኖቹ ሐዲሱ ባይኖረንም ልማዱ አለን። መዝሀቦቹም፣ የእስልምና ሕግ ትርጓሜ መንገዶቹ፣ አንድ አይሉም። ወሎ ውስጥ የሻፊዒም የሐነፊም ተከታይ አለ። በሻፊዒ መዝሀብ አባት ላላገባች ልጁ ሰፊ ሥልጣን አለው፤ ቢጠይቃት ግን የተወደደ ነው። በሐነፊ አቅመ አዳም የደረሰች ሴት ያለ ፈቃዷ አትዳርም። ለዚህ ነው ትክክለኛውን ሼህ ማግኘት ለውጥ የሚያመጣው። አባትየው የሚሰሙት አንድ ምራቅ የዋጠ ሼህ «ልጅቷን ጠይቃችኋታል?» ቢላቸው፣ አንቺ ዓመት ሙሉ ከምትናገሪው ይበልጣል። ያን ሼህ የምታውቀው ጎረቤትሽ ናት። ማንን ማናገር እንዳለባት፣ አባቷ በየትኛው በር እንደሚገቡ፣ እናቷ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ሁሉ ታውቃለች። የጎደላት ምናልባት አብሯት የሚያስብ ሰው ነው። ነገሩ ወደ ኃይል ከሄደ ግን የሚያሳፍር የለም፤ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ፣ ፖሊስም አለ። ያኔ አብረሻት ሂጂ። ልጅቷ ራሷ ሳትፈልግ ግን አንድ እርምጃ እንዳትሄጂ። ያለዚያ አንቺም በተራሽ የምትወስኝባት ሆነሽ ታርፊያለሽ።

ይህን ሁሉ የምትዪው ግን ይቅርታውን ከጠየቅሽ በኋላ፣ ያውም ራሷ ካነሣችው ነው። ይቅርታውን ስትጠይቂ የእህቷን መፍትሔ ጠቅልለሽ ይዘሽ አትግቢ። ሰው አስቀይሞ መካሪ ሆኖ መመለስ ያናድዳል።

ስልክ ላይ አትጻፊላት። ሽማግሌም አትላኪ፣ እዚያ አልደረሰም። ብቻሽን ሂጂ። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡናና ስኳር ያዢ፣ ለልጁም ብስኩት። እሱ አላኮረፈሽም፤ ምናልባት ቀድሞ በሩን የሚከፍትልሽ እሱ ነው። ከዚያ እንዲህ በያት። «የእህትሽን ነገር አንቺን ለማሸነፍ ተጠቀምኩበት። አጥፍቻለሁ። አፉ በይኝ።» እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን» የምትለዋ ቃል ምላስሽ ጫፍ ላይ ትመጣለች፣ ዋጫት። «እኔ እኮ ስለማስብልሽ ነው» አትበይ። «አንቺም እኮ ነጠላዬን» አትበይ። ካለቀሰች አብረሽ ቁጭ በይ። ዝም ካለችሽ ደህና ዋይ ብለሽ ውጪ፤ ሌላ ቀን ራሷ ትመጣለች ወይም አትመጣም። ወሎዬ ስለሆነች ቶሎ ትለሰልሳለች ብዬ አላታልልሽም። የወሎ ሰው ገር ነው ሲባል ቂም አያውቅም ማለት አይደለም። ዓመት ሙሉ እየሳቀ ሰላም የሚልሽ ኩርፊያም አለ፤ እኔ አክስት ነበረችኝ።

ከታረቃችሁ ደግሞ መከራከራችሁን አትተዉት። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው። ስለ ሒጃቡ ጠይቂያት፣ ግን የምር ጠይቂ፤ መልሱን የማታውቂው ጥያቄ ይሁን። እሷም ትጠይቅሽ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴት መቅደስ የማትገባው ለምንድን ነው ብትልሽ ምን እንደምትመልሺ ከአሁኑ አስቢበት። እኔን አንድ ሙስሊም ጓደኛዬ ጠይቃኝ ሦስት ቀን ዝም ብያታለሁ።

ሳህኗ አንቺ ቤት ነው ብለሻል። ባዶውን እንዳትመልሺው። ሥጋ ነክ ነገር አታድርጊበት፣ ትንሽ ድፎ ዳቦ ደፍተሽ ቁረሺበት። ዓርብ እኩለ ቀን አትሂጂ፣ ጁምዓ ነው። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ይሻልሻል፤ ሶላቷን ጨርሳለች፣ የምሽቱ ሶላት መግሪብ እስኪደርስም ጊዜ አለ። ቡና ካፈላች ደግሞ ሥራ አለብኝ ብለሽ ሁለተኛው ላይ አትነሺ። በረካውን ጠጥተሽ ውጪ።